ለገና በዓል በእጅ ስለሚቋጠር የጥብጣብ አበባ

በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉት መንደሮች ለሚያስተምሩ መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር



የልደት በዓል የሚውለው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይሆናል። ይህ ወራት በምዕራብ ጎጃም እህሉ ታጭዶ በየአውድማው የሚወቃበት፥ ሣሩም የሚደርቅበት ወራት ነው። የመስከረም አደይ ከረገፈ ቆይቷል፤ ለጉዝጓዝ የሚሆነው ቀጤማ እንኳ ወንዝ ዳርና ረግረግ ተወርዶ ካልታጨደ በቀር በደጅ አይገኝም። እንግዲህ አበባ በሌለበት ወራት ቤቱን በአበባ ለማስጌጥ የሚወድ ሰው አበባውን በእጁ ሊሠራው ግድ ይሆንበታል።

በሌላው ዓለም ይህ ጌጥ የታወቀ ነው። በጀርመን አገር ሰዎች ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለገና በቤታቸው ውስጥ ዛፍ ያቆሙ ነበር። በ1848 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ከባለቤቷ ከልዑል አልበርትና ከልጆቿ ጋራ ባጌጠ ዛፍ ዙሪያ ሆና የሚያሳይ ሥዕል በአንድ የለንደን ጋዜጣ ታትሞ ከወጣ ወዲህ ልማዱ በብዙ አገር ተስፋፋ። ዛፉንና በሩን በተቋጠረ ጥብጣብ ማስጌጥም የበዓሉ ልማድ ሆነ። ዛሬ በአዲስ አበባ ሱቆች በገና ሰሞን የሚሸጠው የጥብጣብ አበባ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የወጣ ነው፤ ከፕላስቲክ የተሠራውም በዓሉ ካለፈ በኋላ በየጉድባው ወድቆ ዓመታት ሲያልፉ አይበሰብስም። የመንደር ሰው ይህን መግዛት አያስፈልገውም፤ ደግሞም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለውን ጥድ ለአንድ ሳምንት ጌጥ ብሎ መቁረጥ ከቶ የማይገባ ነው።

ከሽማግሌዎች ወገን «ይህ የውጭ አገር ነገር ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል» የሚል ቢኖር ጥያቄው በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ዛፉ በእውነት ከውጭ የመጣ ነው። ክር ጠምዝዞ ቋጥሮ ማጌጥና ምልክት ማድረግ ግን ከውጭ አልመጣም። ክርስቲያን የሆነ ልጅ ወንድ ቢሆን በአርባ፥ ሴት ብትሆን በሰማንያ ቀን ሲጠመቅ በአንገቱ የሚታሰርለት ማዕተብ ክር ነው፤ ሰው በዚህ ዓለም መጀመሪያ የሚታሰርለት ቋጠሮ ይህ ነው። የነጠላውም ጥለት ከጥብጣብ የሚለየው ከሸማው ጋራ አብሮ በመሠራቱ ብቻ ነው። ጥለት ይናገራል፤ በሐዘን ቀን ነጠላው ተዘቅዝቆ የታየ እንደ ሆነ ሰው ሳይጠይቅ ነገሩን ያውቃል። በቀድሞ ዘመን ቀለም ያለው ክር ብርቅ ስለ ነበረ ከባሕር ማዶ የመጣው ባለቀለም ጨርቅ እየተተረተረ ክሩ ለሸማ ጥለት ይውል ነበር። የሌላውን አገር ጨርቅ ተርትሮ ለራሱ ጌጥ ያደረገ ሕዝብ የሌላውን አገር ቋጠሮ በራሱ ክር ቢሠራው አዲስ ነገር አላደረገም።

ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ በመንደር ውስጥ አለ። ሸማኔ ሸማውን ጨርሶ ከመሣሪያው ላይ ሲያወርደው ሳይሠራ የሚቀር የድር ጫፍ አለ፤ ይህ ተሰብስቦ ሦስት ሦስት እየሆነ ቢጎነጎን መልካም ጥብጣብ ይሆናል። ያረጀ ነጠላም ጥለቱ ከሸማው በኋላ ስለሚያልቅ ተቆርጦ ለዚህ ሥራ ሊውል ይችላል። እናቶች መሶብ ሲሰፉ የሚተርፋቸው ቀለም የገባ አክርማም፥ በውሃ ጥቂት ከራሰ በኋላ፥ ለትንንሽ አበባ ይሆናል። ነጭ ክር ቢጫ ይሆን ዘንድ በእርድ ይፈላል፤ ነገር ግን የእርድ ቀለም ፀሐይ ስለሚያደበዝዘው እንዲህ ያለው አበባ ከደጅ ይልቅ በቤት ውስጥ ይንጠልጠል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ በእሳት ላይ ቀጭን ሙቅ ማድረግ ነው። ጥብጣቡ በዚህ ሙቅ ውስጥ ገብቶ ይጨመቅና በለስላሳ ሳንቃ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ ያለዚህ የእጅ ፈትል ጥጥ ይለሰልስና የአበባው ቅርጽ ይወድቃል። (ሙቅ የነካውን ጨርቅ አይጥ ስለሚወደው በበዓሉ ማግስት ታጥቦ ይቀመጥ።) ለአንድ አበባ አንድ ክንድ ከስንዝር፥ ይኸውም 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። መካከሉ ይፈለግና ምልክት ይደረግበታል። ከምልክቱ ወደ ግራ 10 ሳንቲ ሜትር ሄዶ ወደ መካከሉ ይመለሳል፤ ይህ አንደኛው ጆሮ ነው። በቀኝም እንዲሁ ይደረጋል። ከእያንዳንዱ ወገን የሚተርፈው 15 ሳንቲ ሜትር በመካከሉ ላይ ተላልፎ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚህ በኋላ መካከሉ ሦስት ጊዜ ታጥፎ ይጨበጥና በነጭ ክር ሦስት ዙር ይታሰራል፤ ቋጠሮው በስተ ኋላ ይሁን። ክሩን የሚሸፍን ጠባብ ቁራጭ በላዩ ይጠመጠማል። አርባ ተማሪዎች ላሉበት ክፍል ስንት ሜትር እንደሚያስፈልግ ልጆቹ ራሳቸው ያስቡት፤ 28 ሜትር ነው።

ብዙ ጆሮ ያለው አበባ ሲፈለግ ጥብጣቡ በተዘረጋ እጅ አራት ጣቶች ላይ ስድስት ጊዜ ይጠመጠምና ሳይፈታ ይወጣል፤ መካከሉም ይታሰራል፤ ከዚያ ጆሮዎቹ አንድ ጊዜ ወደ ግራ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ እየተጠመዘዙ ይወጣሉ። የፋብሪካ ጥብጣብ የሚቋጥሩ ሰዎች ከማሰራቸው በፊት መካከሉን ከሁለት ወገን በመቀስ ይቀንሱታል። የእጅ ፈትል ግን ከተቆረጠበት ይተረተራል፤ ስለዚህ በመቀስ ፈንታ በጣት ማጠፍ ይሻላል። የሚወርደውም ጫፍ እንዳይተረተር እንደ ጋቢ ዘርፍ ተጠምዞ ይቋጠር። አበባው ለምሰሶው፥ ለበሩ፥ ለመሶቡ ይሆናል፤ ጧፍ በሚበራበት ስፍራ ግን አይሰቀልም፥ ጥጥ እሳት ፈጥኖ ይይዛልና። ገና ለሚጫወቱ ወጣቶችም ጥቅም አለው፤ ሁሉም ነጭ ለብሶ በሜዳ ላይ ሲደባለቅ ወገንን ከወገን ለመለየት በክንድ ላይ የታሰረ ቀይ ጥብጣብ ብዙ ጠብ ያስቀራል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ቀላል ነው። አስቸጋሪው ነገር ሥራውን ለልጆች የሚያሳይ ሰው ከወዴት ይምጣ የሚለው ነው፤ በመንደሩ ውስጥ ስለ ክር ከሁሉ የበለጠ የሚያውቀው ሸማኔው ነውና። ሰው ሁሉ ለገና የሚለብሰው ነጭ ሸማ ከሸማኔ እጅ ይወጣል፤ ሸማውን የለበሰው ግን ሠሪውን በሥራው ይሰድበዋል። ስድቡን ሁሉም ስለሚያውቀው እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ባለሙያው እየተሰደበ ሥራውን ከተወ አገሪቱ ማረሻ እንኳ የሚሠራላት ሰው ታጣለች የሚል ምክንያትም አስታውቀዋል። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡም ገና አላለቀም።

በክፍል ውስጥ የሸማኔ፥ የቀጥቃጭ ወይም የሸክላ ሠሪ ልጅ ሊኖር ይችላል። «አባትህ ምን ይሠራል» ተብሎ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ ልጅ በትምህርቱም አንገቱን ይደፋል። መምህሩ ይህን ልጅ በክፍሉ ፊት ለይቶ ማስነሣትና «የእርሱ አባት ያስተምረናል» ማለት አይገባውም፤ በጎ አሳብ ቢሆንም ልጁን ለዓይንና ለሐሜት ያጋልጠዋል። የሚሻለው ባለሙያውን በሽማግሌዎች በኩል መጋበዝ ነው። ሸማኔ የሚያድረው በሚሠራው ጥሬ ገንዘብ ስለ ሆነ ከመሣሪያው ተነሥቶ ግማሽ ቀን ቢውል የዕለት እንጀራው ይጎድልበታል፤ ስለዚህ የዋለበት ዋጋ በገንዘብ ወይም በእህል ይከፈለው፥ ምስጋና ብቻ ተሰጥቶት አይመለስ። ልጆቹም ታላቅ እንደሚጠራ «አያ» ብለው ይጥሩት። ከሁሉ በላይ በዚያ ቀን ሽማግሌዎቹ በአንድ አግዳሚ ከእርሱ ጋራ ይቀመጡ፥ ምሳ ሲቀርብም ከአንድ መሶብ ይብሉ። ልጆች የመምህሩን ቃል ከሚሰሙት ይልቅ ሽማግሌው ከማን ጋራ እንደ በላ አብልጠው ያያሉ።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገናን የማያከብሩ እስላሞች ልጆቻቸውን ወደዚሁ ትምህርት ቤት ይልካሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ፥ ከፖለቲካ አድልዎና ከባህል ነክ ጭፍን አመለካከት ነጻ ይሁን ይላል። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው ሥራውን ነው፤ ክር መለካትን፥ ማጠፍን፥ መቋጠርን። ክርስቲያኑ ልጅ አበባውን ለገና ይሰቅለዋል፤ እስላሙ ለኢድ፥ ወይም ለእኅቱ ሠርግ ያኖረዋል። ለሃይማኖት ነጻነት የሚጠነቀቀው ይኸው አንቀጽ በሸማኔው ላይ ያለውንም ጭፍን አመለካከት ከክፍሉ የሚያስወጣ ስለ ሆነ፥ ግማሹን ጠብቆ ግማሹን መተው አይቻልም።

ሥራው በኅዳር 15 ቀን ከነቢያት ጾም ጋራ ቢጀመር ስድስት ሳምንት ጊዜ ይገኛል። በመጀመሪያው ሳምንት የድር ጫፍና ያረጀ ጥለት ይሰበሰባል፤ በሁለተኛው ልጆቹ መጎንጎን ይለማመዳሉ፤ ሸማኔው የሚጋበዘው እጃቸው ጥቂት ከለመደ በኋላ በሦስተኛው ነው። የቀረው ጊዜ ለመቋጠርና ያበላሹትን ፈትቶ እንደ ገና ለመሥራት ይሆናል፤ የመጀመሪያው አበባ የሚያምርለት ልጅ ጥቂት ነውና። ከበዓሉ በፊት ባለው የመጨረሻ የትምህርት ቀን እያንዳንዱ ልጅ የሠራውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የተረፈውም ክር ተጠቅልሎ በሁለት ተማሪዎች እጅ ወደ ሸማኔው ቤት ይመለሳል።