ስለ ደንቆሮ ጫካ የተደረገ ንግግር



ከከላላ ብዙ ሳንርቅ፣ በቦረናና በሳይንት ደጋ፣ ደንቆሮ የሚባል ጫካ አለ። ስሙን ሰምቶ እንግዳ ይስቃል። የክልሉ መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ብሎ ሰየመው።

በዚያ ደጋ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሰው ሁሉ ቢቈጠር 500 አይሞላም። ምግቡ የውርጭ አገር አይጥ ነውና መኖሪያው ከ3000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ እየሞቀ በሄደ መጠን፣ ቀድሞ ውርጭ ይከለክለው የነበረው እርሻ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀበሮውም ከእርሻው ፊት ይሸሻል። ከተራራው ጫፍ በላይ ግን መሸሻ የለውም።

ወሰን መከለሉ፣ ዘብ መቆሙ መልካም ነው። ነገር ግን በድርቅ ዓመት ላሙ የምትሞትበት ገበሬ ወሰኑን ያከብራል ብሎ መጠበቅ፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ የዋህነት ነው። በመንዝ ጓሳ የነበሩ አባቶች ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ በመረጧቸው አለቆች ትእዛዝ በችግር ጊዜ ይከፍቱት ነበር። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጅ ምክንያት ፈረሰ፤ ሣሩም ተጐዳ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ደንብ ሠርቶ ጥበቃውን መለሰው።

ስለዚህ በደንቆሮም ሣሩ መቼ እንዲታጨድ፣ ለማንስ እንዲሰጥ ሲወሰን፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች ከሹማምንቱ ጋር እንዲቀመጡ፣ ወረዳ ድረስ ሄዳችሁ እንድታመለክቱ እለምናችኋለሁ።