ቆራሌው ከመጠራቱ በፊት
(በሰፈራችን ማኅበር የእሑድ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮ ወይም ስለ ዘበኛ ደመወዝ አይደለም። ስለ አሮጌ የፈረስ ዕቃ ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ እናያለን። «አራዳ ላይ ደግሞ ምን ፈረስ ቀረ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ፈረሱ ሄዷል። ዕቃው ግን አልጋ ሥር፣ ቆጥ ላይ፣ የአያቶቻችን ሣጥን ውስጥ ቀርቷል። ይህን ጉዳይ ያነሣነውም ያለ ምክንያት አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱና ብዙ ጎረቤቶቻችን ወደ ሌላ ሰፈር ሲሄዱ፣ ዕቃ የማጣራቱ ሥራ በጥድፊያ ሆነ። አንድ ጎረቤታችን ከሣጥን ሥር ሁለት ትንንሽ የብረት ቀለበቶች አገኙ። የመጋረጃ ወይም የበር መስሏቸው ከተሰበረ ድስትና ከዛገ ቆርቆሮ ጋር ለቆራሌው በኪሎ ሸጧቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በአንድ የጥንት ዕቃ መሸጫ መስኮት ውስጥ እነዚያኑ ቀለበቶች አዩ። አንደኛው በመዳብ ሽቦ የተጠገነ ስለነበር አልተሳሳቱም። የአያታቸው እርካብ ነበር! መልሰው ለመግዛት ቢጠይቁ ዋጋው ከአቅማቸው በላይ ሆነባቸው። ባለ ሱቁን አንወቅስም፤ እሱ ያወቀውን ገዛ። እኛ ያላወቅነውን ሸጥን። ነገሩ ይኸው ነው።

እርካብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሙሉ ጫማ የሚያስገባውን ሰፊውን የፈረንጅ እርካብ ነው። የደጋው ፈረሰኛችን ግን አብዛኛውን ጊዜ በባዶ እግሩ ይጋልብ ነበር። እርካቡም አውራ ጣቱን፣ ቢበዛ ከጎኑ ያለውን ጣት ጨምሮ የሚያስገባ ጠባብ የብረት ቀለበት ነው። ስለዚህ ከላይ የጠፍር ማንጠልጠያ ቀዳዳ ያለው፣ ከታች ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ጥንድ ብረት ካገኛችሁ፣ እባካችሁ ከቆርቆሮ ጋር አትቀላቅሉት።

ቀጥሎ ደግሞ ወጣቶቹ የሚጠይቁን ነገር አለ። ተረከዝ ላይ የሚታሰር፣ ከኋላው እንደ ኮከብ የሚሽከረከር ጥርስ ያለው ብረት ከአሮጌ ዕቃ ተራ ገዝተው «የካውቦይ ነው?» ይሉናል። በሲኒማ ኢትዮጵያና በሲኒማ አምፒር ተሰልፎ ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ይህን ብረት ሲያይ ቴክሳስ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህ የፈረስ መኮርኮሪያ የካውቦይ ብቻ አይደለም። በአውሮፓም ሆነ በሌላው ዓለም የጦር ሠራዊት ፈረሰኞች ያደርጉት ነበር። በባዶ እግሩ የሚጋልብ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተረከዙ ላይ አያስረውም። እንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ሲገኝ መጀመሪያ መጠርጠር ያለብን ቦት ጫማ ያደረገ ጋላቢ ነው፦ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረ የጣልያን መኮንን፣ የክብር ዘበኛ ፈረሰኛ፣ ወይም በጃን ሜዳ የሚጋልብ ሰው። አሜሪካኖቹ ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚያደርጉትን እኛም እናድርግ፤ ተረከዙን በሚያቅፈው ብረት በውስጥም በውጭም የሠሪው ስም ወይም ማኅተም መኖሩን እንይ። ማኅተም ከሌለ ግን «የካውቦይ ነው» ብሎ በሚሸጥ ሰው ቃል ብቻ ገንዘባችንን አናውጣ።

ታዲያ አሮጌ መሆኑ በምን ይታወቃል? ቅርፁ ብቻ ዕድሜውን አይመሰክርም። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው፣ ያጌጠ ኮርቻና ግላስ ዛሬም በሥራ ላይ መሆኑን ያውቃል። ጠገራ ብርንም ተመልከቱ። በላዩ የተቀረጸው በፈረንጅ አቆጣጠር 1780 ነው። ንግሥት ማርያ ትሬዛ በዚያ ዓመት ሞተች፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላ ያንኑ ቁጥር እንደያዘ በልዩ ልዩ አገር ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ ቁጥሩን አይቶ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው» ማለት ስሕተት ነው።

መታየት ያለበት የአገልግሎት ምልክት ነው። እርካብ ከሆነ ጣት የሚያርፍበት ቦታና ጠፍሩ የሚንጠለጠልበት ቀዳዳ ይሳሳል፤ ሌላው ቦታ ግን ወፍራም እንደሆነ ይቀራል። ልጓም ከሆነ በፈረሱ አፍ ውስጥ የሚገባውና መጋጠሚያው ይበላል። ሁሉም ቦታ እኩል የዛገና እኩል የተቦረቦረ ዕቃ ያጠራጥራል፤ እንዲያረጅ ተብሎ አፈር ውስጥ ተቀብሮ የወጣ ሊሆን ይችላል። በእጅ የተቀጠቀጠ ብረት የመዶሻ ምልክት አለው፤ ግራና ቀኙም ፍጹም አንድ ዓይነት አይሆንም። በቅርጽ ፈስሶ የወጣ ግን መንታ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም የመጋጠሚያ መሥመር ይታይበታል።

የብር ጌጥ ያለበት የበቅሎ ዕቃ ካላችሁ ማግኔት አስጠጉበት። ከሳበው ብር አይደለም። ካልሳበው ግን ገና አልተረጋገጠም፤ ናስንም ማግኔት አይስብም። ፒያሳ የወርቅ ቤት ሰፈር ነውና ባለሙያ ጋ ወስዳችሁ በማይታይ በኩል በመሞከሪያ ድንጋይ አስፈትኑ። ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ብዙ የአገራችን የብር ጌጥ የተሠራው ጠገራ እየቀለጠ ስለሆነ፣ ጌጡን አስመዝናችሁ የብሩን ዋጋ ማስላት ትችላላችሁ። ያ የመጨረሻው ዝቅተኛ ዋጋ ነው። ከዚያ በታች የሚሰጣችሁ ሰው ዕቃውን ሳይሆን እናንተን እየመዘነ ነው።

ከዚያ በላይ ያለውን ዋጋ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ጥንድነቱ፤ አንድ እርካብ የግማሽ ጥንድ ዋጋ እንኳ ላያወጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ያልተነካ መሆኑ። በሎሚና በአመድ ፈትጋችሁ አታብሩት፤ ጥቁሩን ቆዳውን ስትገፍፉት ምስክሩንም ገፈፋችሁት ማለት ነው። በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ጠፍርና ኮርቻውንም ፀሐይ ላይ አታስጡ፣ የምግብ ዘይትም አትቀቡት። ሦስተኛውና ትልቁ ታሪኩ ነው፤ የማን ነበር? ከየት መጣ? ማን ተቀመጠበት? አባቶቻችን በፈረስ ስም የሚጠሩ ሰዎች ነበሩ። ከጊዮርጊስ ፊት በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው ሐውልት ላይ ያሉት አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው፤ በስማቸው ድልድይ ያላቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ አባ መላ። እንዲህ ባለ አገር ስም የሌለው እርካብ ብረት ነው፤ ስም ያለው እርካብ ግን ቅርስ ነው። ስሙን የሚያውቁት ደግሞ እዚህ የተቀመጡት እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸው። እነሱ ሳይጠየቁ ካለፉ ማንም ባለሙያ አይመልሰውም።

ስለ ሕጉም አንድ ቃል እንበል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዳይኖር አይከለክልም፤ የያዘው ሰው ግን እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ስለዚህ ውጭ አገር ላለ ልጃችሁ ወይም ለእንግዳ በሻንጣ ከመላካችሁ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። ከቤተ ክርስቲያን የወጣ የሚመስል ወይም ሻጩ ከየት እንዳመጣው መናገር የማይፈልገው ነገር ሲቀርብላችሁ ደግሞ፣ ርካሽ ነው ብላችሁ እጃችሁን አትዘርጉ።

እንግዲህ አትሽጡ አንልም። ችግር ያለበት ሰው ይሸጣል፤ የሚያሳፍር ነገርም የለውም። የምንለው ሳታውቁ አትሽጡ፣ ወንድም እኅቶቻችሁን ሳታማክሩም አትሽጡ ነው። ማኅበራችን አንድ መዝገብ አዘጋጅቷል። ከመጪው እሑድ ጀምሮ ከስብሰባ በኋላ ዕቃችሁን ይዛችሁ ብትመጡ፣ ወጣቶቹ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ እናንተ የምታውቁትን ትናገራላችሁ፤ እኛ እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ ቢቆይም ቢሸጥም የእናንተ ፈቃድ ነው። ቢሸጥ እንኳ ታሪኩ ሰፈር ውስጥ ይቀራል።

እነዚያን ሁለት ቀለበቶች የሸጡት ጎረቤታችን ይህን ንግግር ስናዘጋጅ አጠገባችን ነበሩ። እርካቡን አላስመለሱም። በመዝገባችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ግን የአያታቸውን ስምና ያ የመዳብ ሽቦ እንዴት እንደታሰረ አስጽፈዋል። ሁለተኛውን ገጽ የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።