ውሃና ጣራ፤ ስለ ፋውንተንስ ገዳም ፍርስራሽ



ዛሬ የማወሳላችሁ በሰሜን እንግሊዝ፥ በዮርክሻየር፥ ከሪፐን ከተማ አጠገብ ስለሚገኘው የፋውንተንስ ገዳም ነው። የስሙ ትርጓሜ «ምንጮች» ማለት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1132 ዓ.ም. 13 መነኮሳት በዮርክ የሚገኘውን የቅድስት ማርያምን ገዳም ሥርዓቱ ላልቷል ብለው ለቀው ወጡ፤ ሊቀ ጳጳሱ ተርስተንም በስኬል ወንዝ ሸለቆ መሬት ሰጣቸው። ብዙም ሳይቆዩ በአገራችን ሲታውያን ተብሎ ወደሚታወቀው የሲስተርሲያን ማኅበር ገቡ። የማኅበሩ ሕግ ከከተማ መራቅንና በእጅ ሥራ መተዳደርን ያዛል፤ እንዲህ ላለ ኑሮ ከሁሉ አስቀድሞ ውሃ ያስፈልጋል።

እኛን ባለሙያዎችን ይበልጥ የሚማርከን ያ ውሃ የተገራበት ብልሃት ነው። ሸለቆው ጠባብ ስለሆነ ግንበኞቹ ወንዙን በድንጋይ ቅስት ሥር አሳልፈው በላዩ ገነቡ። ያው ወንዝ መጸዳጃውን ያጥብ፥ ወፍጮውንም ያዞር ነበር። በ12ኛው መቶ ዓመት የታነጸው ወፍጮ እስከ 1927 ድረስ ሲሠራ ኖሯል ብላችሁ ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ደቡብ ጫፉ ወንዙን የሚሻገረው የምዕራቡ ሕንጻ 90 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ምድር ቤቱ ጎተራ፥ ፎቁ በእርሻና በበግ እርባታ የሚደክሙት ወንድሞች መኝታ ነበር። ድህነትን ሽተው የወጡት መነኮሳት ያቋቋሙት ገዳም፥ በበግ ጠጉር ንግድ፥ ከእንግሊዝ ባለጸጋ ገዳማት አንዱ እስከመሆን ደረሰ!

ገዳሙን ያፈረሰው እርጅና አይደለም። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ሲያዘጋ፥ በ1539 መነኮሳቱ ተበተኑ፤ የጣራው እርሳስም ተገፈፈ። እርሳሱ ከተነሣ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ እንጨቱ ከወደቀ ዝናቡ በግንቡ አናት ገብቶ ኖራውን ያጥበዋል። ጎተራው ግን ክዳኑ ራሱ የድንጋይ ቅስት ስለነበረ እስከ ዛሬ ሙሉ ነው። በ1540 ቦታውን የገዛው ሪቻርድ ግሬሻም ነበር፤ በኋላም ከድንጋዩ ከፊሉ ለአጠገቡ መኖሪያ ቤት ማሠሪያ ዋለ። በ18ኛው መቶ ዓመት ዊልያም ኤይዝላቢ ፍርስራሹን ለአትክልቱ ጌጥ ሲል ገዛው። እንዳሻው አስተካከለው ተብሎ ቢወቀስም፥ እንደ ድንጋይ ማውጫ ከመቆጠር ያዳነው ይኸው የጌጥ ፍላጎት ይመስለኛል።

ቦታው በ1986 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ2007 ግን ስኬል ሞልቶ ፍርስራሹን አጥለቀለቀው። አሮጌዎቹ ቅስቶች ዛሬም ወንዙን ያሳልፋሉ፤ ለደራሽ ጎርፍ ግን ይጠባሉ፤ አፍርሶ ማስፋትም ቅርሱን ማጥፋት ይሆናል። ስለዚህ ጠባቂዎቹ ከግንቡ ርቀው፥ ወደ ወንዙ ራስጌ ወጥተው፥ ከገበሬዎች ጋር ዛፍ መትከልና ጎርፍ የሚያቁሩ ኩሬዎች ማበጀት ጀምረዋል።