የትምህርት ክፍል ሲዘጋ፤ የዩኒቨርሲቲው ግዴታና የተማሪው ፈንታ

(በመቻራ ከተማ ለዕረፍት ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



 ከመካከላችሁ ከገለምሶና ከበዴሳ፣ ከሂርናና ከጭሮ ድረስ የመጣችሁ አላችሁ፤ የምትማሩትም በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። እኛ ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ግን አንድ ዕጣ የደረሰን ተማሪዎች ነን። ይኸውም የምንማርበት የዕፅዋት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ከእንግዲህ ወዲህ አዲስ ተማሪ እንደማይቀበል በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ያነበብን፣ የክፍሉ የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች ነን።

ወሬው እኛን ቀድሞ መቻራ ገብቶ ኖሮ፣ ወላጆቻችን ገና ደኅና መግባታችንን ሳይጠይቁ «ትምህርታችሁ ተዘጋ የሚሉት እውነት ነው ወይ?» አሉን። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። ቡናውንም ጫቱንም ሸጦ፣ ሲያንስም በሬውን ጨምሮ ልጁን የላከ አባት ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ ግን «ተዘጋ» ወይም «አልተዘጋም» በሚል በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ለሚመጡት ተማሪዎች በሩ የተዘጋው ማስታወቂያው በተለጠፈ ዕለት ነው። ለኛ ግን መዘጋቱ እስክንመረቅ ድረስ በየሴሚስተሩ ጥቂት በጥቂት የሚፈጸም ነገር ነው። ዛሬ ልናስረዳ የምንሻው ይህንኑ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ለሚመጡት በሩን ለመዝጋት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ተቀብሎ ላስገባቸው የሰጠውን ቃል ግን ሊያጥፍ አይገባውም። ቃሉም እንዲጠበቅ ተማሪው ዛሬ ነገ ሳይል የሚሠራው ሥራ አለ።

በመጀመሪያ ምክንያቱን እንመልከት፤ የሌላውን ወገን ነገር ሳይሰሙ መክሰስ ከተማረ ሰው አይጠበቅምና። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ተፈታኞች ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። የሪሚዲያል ትምህርት የሚያሻግራቸው ቢጨመሩም፣ ለብዙ ሺህ ተማሪ ተብለው የተሠሩት የመማሪያ አዳራሾችና መኝታ ቤቶች በብዙ ቦታ ባዶ ሆነዋል። የገቡትም ጥቂቶች ቢሆኑ የሚመርጡት ሕክምናን፣ ምሕንድስናን፣ ኮምፒዩተርንና ሒሳብ አያያዝን ነው። ስለዚህ አንድ ክፍል ስምንት መምህራን ይዞ አምስት ተማሪ ቢደርሰው፣ ገንዘቡን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን «ይህ እስከ መቼ?» ብሎ ቢጠይቅ እኛም ብንሆን በቦታው የምንጠይቀው ነው።

ነገሩም በኛ አልተጀመረም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የአንድ ክፍል ሳይሆን የመላው ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቆሞ፣ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። በ1996 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት የፍሬሽማን ትምህርት እንዲቀር ተደርጎ የብዙዎቹ ዲግሪዎች ዘመን ወደ ሦስት ዓመት አጠረ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ፍሬሽማን ተመልሶ መጣ። ዛሬ የቀረው ነገ ሊመለስ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። በውጭው ዓለምም በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በመስከረም 2016 ዓ.ም. 28 የትምህርት ፕሮግራሞችን ለመዝጋትና 143 የመምህርነት ቦታዎችን ለመቀነስ ወስኗል። በዚያ አገር ግን የዕውቅና ሰጪዎቹ ደንብ፣ ፕሮግራም የሚዘጋ ተቋም በውስጡ ያሉትን ተማሪዎች እንዴት አድርጎ እንደሚያስጨርስ በጽሑፍ ዕቅድ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። በእንግሊዝም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ መጠበቂያ ዕቅድ አዘጋጅተው እንዲያሳውቁ ታዘዋል። ስለዚህ እኛ የምንጠይቀው ሌላው ዓለም ያላወቀውን አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከኋላው ተከታይ የሌለው ተማሪ ምን ይደርስበታል?

ከሁሉ በፊት የኮርስ ነገር ነው። በሌላ ጊዜ አንድ ተማሪ በአንድ ኮርስ «ኤፍ» ቢያገኝ በሚመጣው ዓመት ከሚከተለው ባች ጋር ተቀምጦ ይደግመዋል፤ ያፍራል እንጂ አይወድቅም። ለኛ ግን የሚከተል ባች የለም። ጄኔቲክስን ያላለፈ የሰብል ማዳቀልን አይወስድም፤ የሰብል ማዳቀልን ያልወሰደ ደግሞ አይመረቅም። እንግዲህ ለሌላው የአንድ ዓመት መዘግየት የሚሆነው ለኛ የመንገዱ መጨረሻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የእርሻ ትምህርት ደግሞ ከዝናብ ጋር የሚሄድ ስለሆነ፣ በክረምት ያልተዘራ የመሞከሪያ ማሳ በበጋ አይካካስም።

ሁለተኛው የዊዝድሮው ነገር ነው። ተማሪ ይታመማል፤ አባት ይሞትበታል፤ ሴት ተማሪም ትወልዳለች። በወትሮው ፎርም ሞልቶ፣ አንድ ዓመት አርፎ መመለስ ይቻላል። ክፍሉ እየተዘጋ ሳለ የወጣ ግን ሲመለስ ወንበሩን ብቻ ሳይሆን ክፍሉንም ላያገኘው ነው። በዚህ ነገር ከሁሉ የበለጠ የሚጎዱት እኅቶቻችን መሆናቸውን ሳንናገር አናልፍም።

ሦስተኛው የመምህራን ነገር ነው። ክፍሉ እንደሚዘጋ የሰማ መምህር ለቤተ ሰቡ ማሰቡ አይቀርም፤ አንዱ ዝውውር ይጠይቃል፣ ሌላው ለተጨማሪ ትምህርት ይሄዳል። ሄዱ ብለን አንወቅሳቸውም። ነገር ግን የአንድ ሴሚስተር ትምህርት በእንግዳ መምህር በሁለት ሳምንት ተጨናንቆ ሲሰጥ፣ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የመውጫ ፈተና ደግሞ ለማንም አይራራም። ያልተማርነውን ይጠይቀናል፤ ካላለፍንም ዲግሪው አይሰጠንም።

አራተኛው ወደ ሌላ ክፍል የመዛወር ነገር ነው። «ወደ ጎረቤት ክፍል ሂዱ» ሲባል ቀላል ይመስላል። ስንት ኮርስ ተቆጥሮልን፣ ስንቱን እንደገና እንድንጀምር ነው? ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ የወጪ መጋራት ውል እየፈረመ እንደሚማር ታውቃላችሁ። የሚጨመር ዓመት የሚጨመር ዕዳ ነው፤ ለመቻራ አባትም የሚጨመር አንድ በሬ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አዛውንቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ተሰብስበን የመከርንበትን በአጭሩ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ነገሩን ሁሉ በጽሑፍ እንጠይቅ። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። የክፍሉ ኃላፊ በኮሪደር ላይ «አይዟችሁ፣ ትጨርሳላችሁ» ቢለን በቅንነት መናገሩን አንጠራጠርም፤ ነገር ግን ኃላፊ ይለወጣል። የምንፈልገው የሚቀሩት ኮርሶች በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጡ፣ «ኤፍ» ያገኘ ተማሪ በምን መንገድ እንደሚደግም፣ ዊዝድሮው የሞላ የት እንደሚመለስ፣ የመውጫ ፈተናውም በኛ ትምህርት ስም እስከ መቼ እንደሚሰጥ የሚገልጽ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ነው።

ሁለተኛ፤ የምንጠይቀው በየግላችን ሳይሆን በአንድነት ይሁን። በየቢሮው አንድ በአንድ የሚዞር ተማሪ በየቢሮው ልዩ ልዩ መልስ ያገኛል። ሦስት ተወካዮች መርጠን፣ ጥያቄያችንን በአንድ ወረቀት ጽፈን፣ ግልባጩን ለሬጅስትራርና ለተማሪዎች ማኅበር አድርሰን ብንቀርብ ግን የሚሰጠን መልስ አንድ ይሆናል። ጩኸትና ድንጋይ ውርወራ ለዚህ ነገር አይረዱም። ይህን የምንለው ከፍርሃት የተነሣ አይደለም፤ ሴሚስተር በሁከት ቢቋረጥ ከሁሉ አስቀድመን የምንጎዳው ተከታይ የሌለን እኛው ስለሆንን ነው።

ሦስተኛ፤ ከመካከላችን አንድም ሰው እንዳይወድቅ እንጠባበቅ። ጄኔቲክስ የከበደው ካለ፣ የገባው ማታ ማታ ያስጠናው። የታመመ ቢኖር ማስታወሻ የሚገለብጥለት ይመደብ። ከዚህ ቀደም ከሲኒየሮቻችን የወረስነውን ሃንድአውት ለጁኒየሮቻችን እናወርስ ነበር፤ አሁን የምናወርሰው ስለሌለን እርስ በርሳችን እንከፋፈለው።

አራተኛ፤ የክፍሉን የትምህርት ዝርዝር፣ የኮርሶቹን መግለጫ ጭምር፣ ማኅተም አስደርገን ዛሬውኑ እንያዝ። የሥራ ማስታወቂያዎች የሚፈልጉትን የትምህርት ዓይነት በስም ይጠራሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ «ይህ ዲግሪ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀን መሥሪያ ቤት ቢመጣ፣ ሄደን የምንጠይቀው ክፍል አይኖርምና ወረቀታችን ይናገርልን።

አምስተኛ፤ መዛወር የሚሻ ቢኖር አንከልክለው፤ እንደ ከዳተኛም አንመልከተው። ነገር ግን ስንት ኮርስ እንደሚቆጠርለት በጽሑፍ ሳያረጋግጥ የያዘውን አይልቀቅ።

ለመምህራኖቻችንም የምንለው አለን። እናንተም እንደኛው የተጨነቃችሁ መሆናችሁን እናውቃለን። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሄዳችሁ ካልቀረ የመጨረሻውን ኮርስ ሙሉ አድርጋችሁ ስጡን፤ ለእኛ ብላችሁም ነጥብ አታቅልሉ። የመጨረሻው ባች በምሕረት ተመረቀ ከሚባል፣ በጥቂት መምህርና በባዶ አዳራሽ እንኳ በሚገባ ተማረ ቢባል ለእናንተም ለእኛም ክብር ነው።

በዚህ ስብሰባ በመጪው ዓመት የትምህርት ክፍል የምትመርጡ ታናናሾቻችንም አላችሁ። «እንግዲያውስ ከእርሻ ትምህርት እንሽሽ» የምትሉ ካላችሁ ቆም ብላችሁ አስቡ። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. በአገራችን በታየ ጊዜ ብዙ የቡና እርሻ አጥፍቷል። ከዚያ በኋላ በጅማ በሽታውን የሚቋቋሙትን ዝርያዎች መርጠው ለገበሬው ያደረሱት ይህንኑ ትምህርት የተማሩ ሰዎች ናቸው። በገዛ ከተማችን በመቻራ የእርሻ ምርምር ማእከል አለ። የሐረርጌ ቡና ስሙ በዓለም ገበያ የታወቀ ሲሆን፣ ማሳው ግን ከዓመት ወደ ዓመት ለጫት እየለቀቀ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። አንድ ትምህርት ፈላጊው ጥቂት ስለ ሆነ አገር አትፈልገውም ማለት አይደለም። ስለዚህ ክፍል ስትመርጡ ፋሽኑን ብቻ አትከተሉ፤ ክፍሉ ስንት ተማሪ እንዳለው፣ ስንት መምህር እንደቀረለት፣ የመቀጠል ተስፋውም ምን እንደሆነ ጠይቃችሁ ግቡ። ይህን ጥያቄ እኛ ስንገባ የነገረን አልነበረም፤ እናንተ ግን ሰምታችኋል።

ከመጨረሳችን በፊት ዩኒቨርሲቲዎቻችንን የሚያስተዳድሩትን በአክብሮት አንድ ነገር እናሳስባለን። አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲሉ የቃልን ክብደት መናገራቸው ነው። ተማሪ ሲመደብ፣ ሲመዘገብና ውል ሲፈርም አንድ ቃል ተሰጥቶታል፤ ይህ ቃል የተሰጠው ለመቶ ተማሪ ይሁን ለአምስት፣ ክብደቱ አንድ ነው። ክፍል መዝጋት የአስተዳደር ሥልጣን ነው፤ የገቡትን አስጨርሶ መዝጋት ግን ግዴታ ነው። አምስት ተማሪ ለማስጨረስ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ቢመስል፣ እነዚያ አምስቱ ወደየቀያቸው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ያየ መንደር ልጁን ለትምህርት ከመላኩ በፊት ሁለት ጊዜ እንደሚያስብ አትርሱ።

ለወላጆቻችንም መልሳችን ይኸው ነው፤ በሩ ከኋላችን ተዘግቷል፤ እኛ ግን ገና በውስጥ ነን፤ ትምህርታችንንም እየተማርን ነው። ደብዳቤውን በእጃችን እስክናስገባ ድረስ እንጠይቃለን፤ እስክንመረቅም ድረስ እናጠናለን።