የማይከፈት ታንክ አትሥሩ



ዛሬ የቆምኩት ስለ ስኬቴ ሳይሆን ስለ አንድ ስሕተቴ ላወራችሁ ነው።

እንደተመረቅሁ እዚሁ ጉለሌ ለአንድ ክሊኒክ የጀነሬተር ናፍጣ ታንክ ሠራሁ። ላሜራው ወፍራም፣ ብየዳው የሚያኮራ ነበር። አናቱን ግን ዝርግ አደረግሁት፤ ከታችም ማፍሰሻ አላበጀሁለትም። ሁለት ክረምት ዝናብ አናቱ ላይ እየተኛ በክዳኑ ዙሪያ ሰረገ። አንድ ሌሊት መብራት ሄደ፤ ጀነሬተሩ ተነሥቶ ወዲያው ጠፋ። ፊልትሮው ውስጥ የተገኘው ውሃና የዝገት ጭቃ ነው። አንዲት እናት በእጅ ባትሪ ብርሃን ወለደች። ተመስገን፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው።

በኋላ ሳነብ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ታይዋን የተሠሩት «ትሮውለር» የሚባሉ የመዝናኛ ጀልባዎችም ይኸው ጣጣ እንዳለባቸው አየሁ። ከእንጨቱ ወለል የሚያፈስሰው ውሃ የብረት ታንኩ አናት ላይ ተኝቶ ከላይ ያዝገዋል። ብዙዎቹን ደግሞ ሞተር ሳያነሡ ወይም ታንኩን ሳይቆራርጡ ማውጣት አይቻልም።

ብረቱን የሚበላው ናፍጣው ሳይሆን ውሃው ነው። ከእንጦጦ ሥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ በጎደለ ታንክ ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ጠብታ ይሆናል፤ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይዘቅጣል። ስለዚህ አናቱ ውሃ አይቋጥር፤ ወለሉ ያዘንብል፤ ዝቅ ባለው ጫፍ ማፍሰሻ፣ ከላይ እጅ የሚያስገባ ክዳን ይኑረው።

መምህራኖቼ፣ ብየዳውን በደንብ አስተምራችሁናል። ለዛሬዎቹ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ጨምሩልኝ፦ «ይህን የሚያጥበው ሰው እጁን በየት በኩል ያስገባል?»