ነጩ ዕንቍና የሚያስከፍለው ዋጋ

ስለ ካኦ ማኒ ድመት ጠባይና አያያዝ በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር




ስለ ድልድይ፣ ስለ ኃይል ማመንጫና ስለ ማሽን መስማት በለመደ ጉባኤ ፊት ስለ ድመት መናገር እንግዳ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ለመሐንዲስ ባዕድ አይደለም። አንድን ነገር በአንድ መመዘኛ ብቻ እየመረጡ ማሻሻል፣ በመመዘኛው ውስጥ ያልተጻፈውን ሌላ ጠቀሜታ ሳይታሰብ ሊያጠፋ እንደሚችል በሥራ ላይ የቆየ ሁሉ ያውቀዋል። ካኦ ማኒ የተባለችው የታይላንድ ነጭ ድመት የዚህ እውነት ሕያው ምሳሌ ናት። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማሳሰብ ይገባል።

የዝርያው አመጣጥና መልክ

ካኦ ማኒ በታይ ቋንቋ «ነጭ ዕንቍ» ማለት ነው። ታይላንድ ሲያም ትባል በነበረበት ዘመን የድመቶችን መልክና ገድ በግጥምና በሥዕል የሚያትቱ «ታምራ ሜው» የተሰኙ መጻሕፍት ነበሩ። ምንጫቸው በ1767 እስከወደቀው እስከ አዩታያ መንግሥት ድረስ ይቈጠራል። መልካም ገድ ያመጣሉ ከተባሉት ድመቶች መካከል መላ አካሏ ነጭ የሆነችው ድመት አንዷ ናት። እንዲህ ያለችው ድመት በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ትጠበቅ እንደነበረ፣ ወደ ውጭ አገር እንዳትወጣም ትከለከል እንደነበረ በትውፊት ይነገራል። የአገሯ ልጅ የሆነችው የሲያም ድመት በ1880ዎቹ ለንደን ውስጥ በትርኢት ስትቀርብ፣ ካኦ ማኒ ግን አሜሪካ የደረሰችው ገና በ1999 ነው። ዓለም አቀፉ የድመት ማኅበር በሙሉ የውድድር ደረጃ የተቀበላት ደግሞ በ2015 ነው። ስለዚህ ዝርያው በአገሩ ጥንታዊ፣ በሌላው ዓለም ግን አዲስና ብርቅ ነው።

ካኦ ማኒ መካከለኛ ቁመና ያላት፣ ጡንቻዋ የጠነከረ፣ ፀጉሯ አጭርና በገላዋ ላይ ልጥፍ ያለ ድመት ናት። ዓይኖቿ ሁለቱም ሰማያዊ፣ ሁለቱም ወርቅማ ወይም አረንጓዴ፣ አለዚያም አንዱ ሰማያዊ ሌላው ወርቅማ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ የመጨረሻው ዓይነት ከሁሉ ይልቅ ይፈለጋል። በጠባይዋ ሰው ወዳድና ተጫዋች ናት፤ ባለቤቷን ከክፍል ወደ ክፍል እየተከተለች ድምፅ ማሰማት ትወዳለች። ብዙዎቹ ግልገሎች ሲወለዱ በአናታቸው ላይ ጥቁር ወይም ሌላ ቀለም ያለው ነጥብ ይታይባቸዋል፤ ዕድሜያቸው ሲጨምር ነጥቡ ይጠፋል። ይህ ትንሽ ምልክት ቀላል ነገር አይደለም። ከነጩ ሥር ሌላ ቀለም ተሸፍኖ እንዳለ የሚጠቁም ነውና።

ነጭነት ቀለም አይደለም

የድመት ፀጉር ቀለም የሚያገኘው ሜላኒን ከሚያመርቱ ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት ፅንሱ ገና ቅርጽ ሲይዝ በጀርባው መስመር ላይ ይፈጠሩና ከዚያ ወደ ቆዳ፣ ወደ ዓይንና ወደ ውስጥ ጆሮ ይጓዛሉ። ለጕዟቸውና ለሕልውናቸው ኪት የሚባለው ጂን አስፈላጊ ነው። በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የድመት ነጭነት የሚመጣው በጥንት ዘመን በዘር ውስጥ የገባ የሬትሮቫይረስ ቅሪት በዚህ ጂን ውስጥ በመሰካቱ ነው። ቅሪቱ በሙሉ ሲገኝ ድመቷ ነጭ ዝንጕርጕር ትሆናለች፤ አንድ ቁራጩ ብቻ ሲቀር ደግሞ መላ አካሏ ነጭ ይሆናል። ነጭነቱ ገዢ ውርስ ስለሆነ፣ ከእናት ወይም ከአባት አንድ ቅጂ ብቻ ቢገኝ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። ቀለም አልባ ሆኖ የሚወለደው፣ አልቢኖ የሚባለው እንስሳ ሕዋሳቱ በቦታቸው አሉ፤ የጐደላቸው ሜላኒን የማምረት ችሎታ ነው። በነጯ ድመት ግን ሠራተኞቹ ራሳቸው ከሥራው ቦታ አልደረሱም፤ ወይም ደርሰው አልሰነበቱም። አልቢኖው እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና አድርጎ ሲሰማ፣ ነጯ ድመት ብዙ ጊዜ የማትሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ለጆሮ የሚያስፈልገው ቀለሙ ሳይሆን ሕዋሱ ነው።

ሰማያዊው ዓይንም የዚሁ ጕድለት ውጤት ነው። በብሌኑ ዙሪያ ባለው ክበብ ሰማያዊ ቀለም የለም፤ ሜላኒን በሌለበት ብርሃን ይበተናል፣ እንደ ሰማይም ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

በጆሮ ውስጥ ያለው ባትሪ

በውስጥ ጆሮ የቀንድ አውጣ ቅርጽ ባለው ክፍል ውስጥ ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጡ ፀጉራማ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት የሚሠሩት በፖታሲየም በበለጸገ ፈሳሽ ውስጥ ሆነው ነው። የፈሳሹ ቮልቴጅ ከአካባቢው በ80 ሚሊቮልት ያህል ከፍ ይላል። ይህን ቮልቴጅ የሚጠብቀው በክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚገኝ በደም ሥር የተሞላ ሕብረ ሕዋስ ነው። በውስጡም ከቆዳ ቀለም ሕዋሳት ጋር አንድ ዘር የሆኑ ሕዋሳት ፖታሲየሙን በማመላለስ ያገለግላሉ።

ለኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነገሩ ግልጽ ነው። ማይክሮፎኑ ደኅና ነው፤ ሽቦውም ተዘርግቷል፤ ነገር ግን ባትሪው የለም። ቮልቴጁ ሲጠፋ ግልገሏ በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ክፍሉ ይፈራርሳል፤ ፀጉራማዎቹ ሕዋሳትም ይሞታሉ። የሞቱትም ተመልሰው አይበቅሉም። ከዚህ በኋላ የሚረዳ መድኃኒት የለም።

ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ድመቶች እንደማይሰሙ ቻርለስ ዳርዊን በ1859 ባሳተመው ስለ ዝርያዎች አመጣጥ በሚያትተው መጽሐፉ ጠቅሶ ነበር። በመጀመሪያው እትም ነገሩ ያለ ልዩነት እንደሚደርስ አድርጎ ቢጽፍም፣ በኋለኞቹ እትሞች «አብዛኛውን ጊዜ» ወደሚል አለዝቦታል። የኋለኛው ዘመን ቍጥር ትክክለኛ መሆኑን አረጋግጧል። በአጠቃላይ ነጭ ድመቶች ላይ በተደረገው ግምት መሠረት፣ ሰማያዊ ዓይን ከሌላቸው መካከል ከ17 እስከ 22 በመቶ የሚሆኑት፣ አንድ ዓይናቸው ሰማያዊ ከሆነው 40 በመቶ ያህሉ፣ ሁለቱም ዓይናቸው ሰማያዊ ከሆነው ደግሞ ከ65 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት መስማት የተሳናቸው ሆነው ይወለዳሉ። አንድ ጆሮዋ ብቻ የማይሰማ ባለ ሁለት ዓይነት ዓይን ድመት፣ የማይሰማው ጆሮ ብዙ ጊዜ በሰማያዊው ዓይን በኩል ያለው ነው። እንግዲህ ገበያው ከፍ ያለ ዋጋ የሚሰጠው መልክና ከፍ ያለ አደጋ ያለበት መልክ አንድ ሆነው ይገኛሉ።

ጭብጨባ መለኪያ አይሆንም

ብዙ አርቢዎች ከግልገሏ ኋላ ሆነው በማጨብጨብ ወይም ቁልፍ በማንኳኳት መስማቷን እንፈትናለን ይላሉ። ፈተናው ግን አሳሳች ነው። የማትሰማ ድመት የአየሩን እንቅስቃሴ በጢሟ፣ የወለሉን ንዝረት በመዳፏ ታውቃለች፤ ወንድሞቿና እኅቶቿ ሲዞሩ አይታም ትዞራለች። አንድ ጆሮዋ ብቻ የሚሰማላት ደግሞ በጭብጨባ ከቶ አትለይም።

ትክክለኛው መለኪያ በአዲስ ለተወለዱ ሕፃናት ጭምር የሚያገለግለው የአንጎል ግንድ የመስማት ምላሽ ምርመራ ነው። በራስ ቆዳ ሥር ስስ ኤሌክትሮዶች ይገባሉ፤ በእያንዳንዱ ጆሮ በየተራ አጫጭር የቋ ድምፆች ይለቀቃሉ፤ በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ የሚመጣው ምላሽ ይመዘገባል። ምላሹ በማይክሮቮልት የሚለካ እጅግ ደካማ ነገር ስለሆነ፣ በጡንቻና በአንጎል ሌላ እንቅስቃሴ ይዋጣል። ስለዚህ ድምፁ በመቶዎችና በሺዎች የሚቈጠር ጊዜ ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰዳል። ለምሳሌ 1000 ጊዜ ቢደገም፣ ከድምፁ ጋር የማይገናኘው ሁካታ በ1000 ስኴር ሩት፣ ማለትም ወደ 32 ጊዜ ያህል ይቀንሳል፤ እውነተኛው ምላሽ ግን ባለበት ይቆያል። በሚሰማ ጆሮ ተከታታይ ሞገዶች ብቅ ይላሉ፤ በማይሰማው ጆሮ መስመሩ ዝርግ ሆኖ ይቀራል። ግልገሏ ስድስት ሳምንት ያህል ሲሆናት ምርመራው ሊደረግ ይችላል።

የአርቢው ኃላፊነት

ለካኦ ማኒ የተደነገገው መመዘኛ ነጩን ብቻ ይቀበላል። በዚህ ምክንያት ነጭን ከነጭ ማዳቀል ለአርቢው ቀላሉ መንገድ ሆኖ ይታየዋል። አንድ አንድ የነጭነት ቅጂ ያላቸው ሁለት ድመቶች ሲዳቀሉ፣ በአማካይ ከአራት ግልገሎች ሦስቱ ነጭ ይሆናሉ። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዷ ግን ከእናቷም ከአባቷም ቅጂውን የወረሰች ናት፤ ሁለት ቅጂ ያላት ድመት የመስማት ችሎታ የማጣት ዕድሏም ከሌሎቹ የበለጠ ነው። ነጯ ድመት ባለ ቀለም ከሆነ የታይላንድ ድመት ጋር ብትዳቀል ግን፣ በአማካይ ግማሾቹ ብቻ ነጭ ይሆናሉ፤ ሁለት ቅጂ ያላት ግልገል ግን አትገኝም። በሌላ አነጋገር አርቢው ከአራት አንዷን ነጭ ግልገል ያጣል፤ በምትኩ ጆሮ ይገዛል።

ወላጆቹን በመሣሪያ መርምሮ የሚሰሙትን ብቻ ማዳቀል፣ ወርቅማ ዓይን ያላቸውንም እንደ ሰማያዊዎቹ ማክበር፣ የምርመራውን ውጤት ከግልገሏ ጋር በጽሑፍ ለገዢው ማስረከብ ሌሎቹ የሚገቡ ጥንቃቄዎች ናቸው። ይህ ሁሉ ቢደረግም አደጋው ፈጽሞ አይጠፋም፤ ሁለቱም ጆሮዎቻቸው ከሚሰሙ ወላጆች የማትሰማ ግልገል ልትወለድ ትችላለችና።

የዕለት አያያዝ

አጭሩ ፀጉር ብዙ ድካም አይጠይቅም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ዋናው ጥንቃቄ ከፀሐይ ነው። ሜላኒን የሌለው ቆዳ በጆሮ ጫፍ፣ በአፍንጫና በዓይን ቆብ ላይ በቀላሉ ይቃጠላል፤ ቃጠሎው ሲደጋገምም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። በካሊፎርኒያ የተደረገና በ1971 የታተመ ጥናት፣ ነጭ ድመቶች በዚህ ዓይነት የቆዳ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በ13 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። ስለዚህ ድመቷን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ከቀጥተኛ ፀሐይ ማራቅ ያስፈልጋል። በጆሮዋ ጫፍ ላይ የማይድን ቅርፊት ወይም ቁስል ከታየ ሳይዘገይ ለእንስሳት ሐኪም መታየት አለበት። ለሰው የተዘጋጀ የፀሐይ ቅባት መቀባት ግን አይገባም፤ ድመት ገላዋን ስለምትልስ በቅባቱ ውስጥ ያለው ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ሳሊሲሌት ሊመርዛት ይችላል።

የማትሰማ ድመት ለብቻዋ ወደ ውጭ መለቀቅ የለባትም፤ የመኪናና የውሻ ድምፅ አያስጠነቅቃትም። «ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ» እንደሚባለው፣ በር ክፍት ካገኘች ማደኗን አትተውም። ስለዚህ በሩንና መስኮቱን የሚዘጋ ሰው ያስፈልጋታል። በእንቅልፏ ድንገት መንካት ያስደነግጣታል፤ ከመቅረብ በፊት የተኛችበትን ነገር በቀስታ መታ ማድረግ ወይም ወለሉን መርገጥ ይሻላል። ለመብልና ለመጥራት የእጅ ምልክት ወይም መብራት ማብራትና ማጥፋት በፍጥነት ትማራለች። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ጮክ ብላ ትጮኻለች፤ ይህም እንደ ጥፋት ተቈጥሮ መቀጣት የለባትም።

በ2010 የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ ሲወለዱ ጀምሮ የማይሰሙ ድመቶች በዓይናቸው ዳር የሚታየውን ነገር ቦታና ዝግ ያለ እንቅስቃሴን ከሚሰሙት ይልቅ ይለያሉ። ለድምፅ ተመድቦ የነበረው የአንጎላቸው ክፍል ለማየት ያገለግላልና። በዓይን የሚሰጥ ምልክት የሚሠምርላት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ከድመት ወደ ሕፃን

ነገሩ በድመት ብቻ የሚቀር አይደለም። በሰው ልጅም ከግንባር በላይ ነጭ ፀጉር፣ ሰማያዊ ዓይንና የመስማት ጕድለት አብረው የሚታዩበት ቫርደንበርግ የሚባል የውርስ ችግር አለ፤ ሥረ ነገሩም እነዚያው ተጓዥ ሕዋሳት ናቸው። በጀርመን አገር የሚገኙ ተመራማሪዎች መስማት ለተሳናቸው ነጭ ግልገሎች በውስጥ ጆሯቸው ኤሌክትሮድ ተክለው ለወራት ድምፅ በኤሌክትሪክ ሲያሰሟቸው፣ የአንጎላቸው የመስማት ክፍል ሥራውን ሲጀምር አይተዋል። ውጤቱ በ1999 ታትሟል። ተከትለው የመጡት ጥናቶች ደግሞ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚተከለው መሣሪያ ጥቅሙ ያነሰ መሆኑን አሳዩ። መስማት ለተሳናቸው ሕፃናት ምርመራውና መሣሪያው በጊዜ መድረስ አለበት ለሚለው የሐኪሞች አቋም እነዚህ ድመቶች ጠንካራ ማስረጃ አበርክተዋል።

የተከበራችሁ አባላት፣

ነጯን ድመት አይቶ አለመደነቅ ያስቸግራል፤ መልኳንም መውደድ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ መመዘኛ ሲጻፍ የሚታየውን ብቻ ጽፎ የማይታየውን መተው ነው። በመመዘኛው ላይ ከዓይኗና ከፀጉሯ ቀጥሎ «በመሣሪያ የተመረመረ ጆሮ» የሚል አንድ መስመር ቢታከል፣ ብዙ ግልገሎች የእናታቸውን ጥሪ እየሰሙ ሊያድጉ ይችላሉ። መሣሪያው አለ፤ ስሌቱም የታወቀ ነው። የቀረው የአርቢውና የገዢው ፈቃድ ነው።