ስምንተኛው ሺህ ወይስ ምጽአት?



እኛ ጎጃሞች ክፉ ነገር ባየን ቁጥር ከአፋችን የማትጠፋ ንግግር አለች። ልጅ አባቱን ሲማታ፣ ዝናቡ ያለ ወራቱ ሲጥል፣ ተኩስ ሲሰማ፣ «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ!» እንላለን። ከየት መጣች? አባቶች ከዓለም ፍጥረት እስከ ጌታ ልደት 5500 ዓመት ይቆጥራሉ። ሳምንት ሰባት ቀን ነው፤ አንዱን ቀን እንደ ሺህ ዓመት ቆጥረው፣ ዓለም ሰባት ሺህ ኖራ በስምንተኛው ታልፋለች የሚል አሳብ በሕዝባችን ዘንድ ሥር ሰደደ።

እስቲ ራሳችሁ ደምሩት። 5500 ላይ 1500 ስትጨምሩ 7000 ይሞላል። ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም.፣ አፄ ልብነ ድንግል ገና በነገሡ ጊዜ ነው። 2018 ዓ.ም. ላይ 7518 ደርሰናል። ይመጣል ብለን የምንፈራው ዘመን ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው! ቅድመ አያቶቻችን በውስጡ አርሰዋል፣ ልጅ ድረዋል፣ አልፈዋል። ቀኑንና ሰዓቱን ጌታ ለማንም ለሰው አልሰጠም (ማቴ. 24፥36)።

አሁን ሌላውን ቃል ተመልከቱ፦ ምጽአት። ግእዝ ነው። ጸጉርን ጠጉር እንደምንል፣ የግእዙ «መጽአ» በአማርኛችን «መጣ» ሆነ። ልጇ ከአዲስ አበባ ሲደርስ የደብረ ማርቆስ እናት «መጣ! መጣ!» እያለች ከቤት የምትወጣበት ያው ቃል ነው። ልዩነቱን አያችሁ? ስምንተኛው ሺህ ቁጥር ነው፤ ቁጥር አያቅፍም፣ እንባ አያብስም። ምጽአት ግን ባለቤት አለው፤ የሚመጣው ኢየሱስ ነው። ምን ይመጣብኝ ይሆን የሚል ሰው በሩን ይዘጋል፤ ማን እንደሚመጣ ያወቀ ቤቱን ይጠርጋል።

ወገኖቼ፣ «ስምንተኛው ሺህ ነው፣ ምን ይደረጋል» እያልን ስንፍናችንንና ቂማችንን ሸፍነንበታል። በተሰሎንቄም ስለ ጌታ ቀን የታወኩ፣ ሥራም የፈቱ ነበሩ፤ ጳውሎስ በጸጥታ ሥሩ፣ እንጀራችሁን ብሉ አላቸው (2ኛ ተሰ. 3)። እናንተም ጤፋችሁን ዝሩ፣ ልጆቻችሁን አስተምሩ። ደም የተቃባችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ሽማግሌ ላኩ። ያ ሰው በደም ተፈላልጎ እያለ ጌታ ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ?

ጌታን ገና ያልተቀበልህ ወንድሜ፣ ያልተቀበልሽ እህቴ፣ ዘመን ስትቆጥሩ አትምሹ። ባላችሁበት ተንበርከኩና «ጌታ ሆይ፣ ወደ ሕይወቴ ና» በሉት። ይሰማችኋል።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።